የጎመን ዘሩና ቼኩ፦ የተከራከርንበት ዕዳ በቅናሽ ሲዘጋ

ይህ ጽሑፍ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በንግድ ሥራ ለተሰማሩ ወገኖቻችን በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተገለበጠ ነው። መጨረሻ ላይ የተነሳውን ጥያቄ እንዳለ አስገብቼዋለሁ። የኢትዮጵያን ሕግ ከሚመለከተው በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አባቴ ደሴ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። የዱቤ ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጠዋል። አንድ የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ ደንበኛው 240 ብር እያለበት 150 ብር ይዞ መጣና «ዘንድሮ አዝመራው አልሆነልኝም፣ ያለኝ ይኸው ነው» አለው። አባቴ ብሩን ቆጠረ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ በሰውዬው ስም ላይ መስመር አሰመረ። «ጨርሰናል» አለው፤ ተጨባበጡ። እኔ ልጅ ነኝ፤ 90 ብሩ አንገበገበኝና ለምን ተውክለት ብዬ ጠየቅሁት። «ከክፉ ባለዕዳ የጎመን ዘር ይቀበሏል ይባላል፤ ይኼ ሰው ደግሞ ክፉ አይደለም» አለኝ።

ያ መስመር ነገሩን ዘጋው። አባቴ ሕግ አልተማረም፤ ሕጉ ግን ከእሱ ጋር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1825 እንደሚለው፣ ባለገንዘቡ ዕዳውን እንደማረው ለባለዕዳው ካስታወቀና ባለዕዳው ሳይዘገይ «ምሕረቱን አልቀበልም» ካላለ ዕዳው በዚያው ይቀራል። በምላሹ ምን ተሰጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የመጡበት የአውሮፓ ሕግም እንዲያ አይጠይቅም።

እዚህ አገር ያለው ሕግ ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ ማታ የሰበሰብኳችሁም ለዚሁ ነው። አሜሪካ የወረሰችው የእንግሊዝን ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ያልተከራከራችሁበትን ዕዳ «ይብቃህ፣ ግማሹን ስጠኝና ጨርሰናል» ማለት ብቻውን፣ ገንዘቡን ተቀብላችሁም ቢሆን፣ አያስራችሁም። የማረ ሰው ነገ ተመልሶ ቀሪውን መጠየቅ ይችላል። በቅናሽ የተከፈለ ዕዳ ለዘለቄታው የሚዘጋው፣ በመጀመሪያ በመጠኑ ላይ እውነተኛ ክርክር ከነበረ ነው። ምሕረትና ስምምነት በእኛ ልብ ውስጥ አንድ ቤት ያድራሉ፤ በዚህ ሕግ ዘንድ ግን ተለያይተው ነው የሚኖሩት። ስንት ወዳጅነት በዚህ ምክንያት ሲፈርስ እንዳየሁ ልነግራችሁ አልችልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በ1602 እንግሊዝ ውስጥ በፒነልና በኮል መካከል አንድ ሙግት ተወሰነ። ኮል 8 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ዕዳ ነበረበት፤ መክፈያው ቀን ኖቬምበር 11 ቀን 1600 ነው። ፒነል ገንዘቡን ቀደም ብሎ ስለፈለገው፣ ኮል ኦክቶበር 1 ላይ 5 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ2 ፔንስ ከፈለ። ኮል ክርክሩን ባቀረበበት መንገድ ስህተት ተረታ፤ የእንግሊዙ የሕግ ሰው ኤድዋርድ ኩክ ባስቀመጡት የፍርድ መዝገብ የቀረው ግን ዳኞቹ በዚያው የተናገሩት ደንብ ነው። የመክፈያው ቀን ከደረሰ በኋላ ትንሽ ገንዘብ ትልቁን ዕዳ ሊያካክስ አይችልም፤ ፈረስ፣ ጭልፊት ወይም ካባ ግን ሊያካክስ ይችላል አሉ። ምክንያታቸውም፣ ባለገንዘቡ ፈረሱን የተቀበለው ከገንዘቡ ይልቅ ቢጠቅመው ነው፤ የፈረሱን ዋጋ መመዘን የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም የሚል ነው። ከቀኑ አስቀድሞ፣ ወይም በባለገንዘቡ ጥያቄ በሌላ ቦታ መክፈልም እንደዚያው ይቆጠራል።

እንግዲህ የአባቴን ተረት አስቡት። በዚህ ደንብ የአባቴ ደንበኛ የሰጠው 150 ብር ዕዳውን አይዘጋም። አንድ እፍኝ የጎመን ዘር ሰጥቶት አባቴ «ይህ ይበቃኛል» ብሎ ቢቀበለው ኖሮ ግን ይዘጋል! ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከጀርባው ያለው አስተሳሰብ ኮንሲደሬሽን ይባላል፤ እኔ ልዋጭ እለዋለሁ። የእንግሊዝ ሕግ ባዶ ቃል አያስገድድም፤ ቃል የሰጠ ሰው በምላሹ አንድ ነገር ማግኘት አለበት። 240 ያለበት ሰው 150 ሲሰጥ፣ 150ውን መክፈል ቀድሞውንም ግዴታው ነበር። ታዲያ ለቀረው 90 ምን ተሰጠ? ምንም።

ይህ ደንብ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ያሳየው የዶክተር ጆን ፎክስና የወይዘሮ ጁሊያ ቢር ክርክር ነው። ወይዘሮዋ በ1875 በዶክተሩ ላይ የ2,090 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ ፍርድ አገኙ። ዶክተሩ በአንድ ጊዜ መክፈል ስላልቻሉ በዲሴምበር 1876 ተፈራረሙ፤ 500 ፓውንድ ወዲያው፣ የቀረው በየስድስት ወሩ 150። ወይዘሮዋ በበኩላቸው በፍርዱ ላይ ሌላ እርምጃ አልወስድም አሉ። ዶክተሩ የመጨረሻዋን ፓውንድ ሳይቀር ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ ወለዱን ጠየቁ፤ የፍርድ ዕዳ በሕግ ወለድ ይወልዳልና 360 ፓውንድ ገደማ ሆኖ ነበር። ዶክተሩ «ተፈራርመናል እኮ» አሉ። በ1884 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ለወይዘሮዋ ፈረደ፤ ወለዱን ለመተው በምላሹ ያገኙት ነገር የለም ተብሎ ነው። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ብላክበርን በጣም ተቸግረውበት ነበር። ነጋዴዎች፣ ያውም ማንም ሰው፣ ዛሬ በእጅ የሚገባ ከፊል ክፍያ መብትን ሙጥኝ ብሎ ሙሉውን ከመጠበቅ ሊሻል እንደሚችል በየቀኑ ያውቃሉ ብለዋል። ባልደረቦቻቸው ስላልተስማሙ ግን ተቃውሟቸውን አልገፉበትም። በ2018 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደገና የማየት ዕድል ነበረው፤ ለሌላ ጊዜ አሳለፈው። ደንቡ እስካሁን ቆሟል።

ተማሪ ሳለሁ ተናድጄ ነበር። አሁን፣ ከሃያ ዓመት የጥብቅና ሥራ በኋላ፣ ዳኞቹ የፈሩት ነገር ይገባኛል። ቢልደሮቹን ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ ሁለት ባለሙያዎች፣ አንዱ የቤት ቀቢና አስጌጭ አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ዲ ኤንድ ሲ ቢልደርስ የሚል ትንሽ ድርጅት ነበራቸው። ሪስ ለሚባሉ ሰው ሠርተው 482 ፓውንድ ከምናምን ቀራቸው። ወራት ለመኑ። በመጨረሻ የሰውዬው ባለቤት ድርጅቱ ሊወድቅ እንደደረሰ እያወቁ 300 ፓውንድ አቀረቡ፤ ካልፈለጋችሁ ምንም አታገኙም ዓይነት ነገር ነው። ልጆቹ ምን ያድርጉ? ቼኩን ተቀበሉ፤ «ሒሳቡ ተጠናቋል» የሚል ደረሰኝም አስፈረሟቸው። ከዚያ ለቀሪው ከሰሱና ረቱ። ዳኛው ሎርድ ዴኒንግ በ1965 እውነተኛ ስምምነት አልነበረም፣ የሰው ችግር እንደ መያዣ ተይዞ የተገኘ ፊርማ አያስርም አሉ። እኔ ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ቀለም ቀቢ፣ አናጢ፣ ጽዳት ሠራተኛ ወገኖቻችን በየወሩ የሚደርስባቸው ይኸው ነውና። ኪራይ ቀኑ እንደደረሰ ታውቆባቸው፣ «ግማሹን ውሰድ ወይም ተወው» ይባላሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ዕዳው ስንት እንደሆነ ሁለቱ ሰዎች ከልባቸው የማይስማሙ ከሆነ ሁሉም ነገር ይቀየራል። አንዱ 4,200 ይገባኛል ይላል፣ ሌላው 2,600 ነው ይላል፤ 3,200 ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ልዋጩ አለ፤ አንደኛው የበለጠ የማግኘት ዕድሉን ተወ፣ ሌላው ያነሰ የመክፈል ዕድሉን ተወ። ክርክሩ ትክክል ሆኖ መገኘት የለበትም። በቅን ልቦና የተያዘ መሆኑ ይበቃል። ነገ ባለሙያ መርምሮ «ኧረ እውነቱ 4,200 ነበር» ቢል ስምምነቱ አይፈርስም። ለቅናሽ ብሎ የተፈጠረ የውሸት ክርክር ግን ክርክር አይደለም።

በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ ወንድማችን መጣልኝ። ሊሙዚን ለመግዛት ከወዳጁ 18,000 ዶላር ተበድሮ ነበር። ወዳጁ ማለት የልጁ የክርስትና አባት ነው። ገና 18,000ው ሳይነካ ሥራ ቀዘቀዘ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆመው ወዳጁ «12 ስጠኝና ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። እሱም ከፈለ፤ ተሳሳሙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሌላ ነገር ተቀያየሙ፤ 6,000ው በክስ መጣ። ዳኛዋ ወንድማችንን ጠየቀችው፦ «ዕዳው 18,000 መሆኑን ተከራክረህ ታውቃለህ?» እሱም በቅንነት «ኧረ በፍጹም፣ 18 ነው» አለ። በዚያች ዐረፍተ ነገር ተረታ። እውነት በመናገሩ ተቀጣ ብዬ አዝኛለሁ፤ ዛሬም አዝናለሁ።

ምን ሊያድነው ይችል ነበር? የጎመን ዘሩ። ወዳጁ ያን እሑድ «የመክፈያው ቀን ሳይደርስ በዚህ ወር ስጠኝ» ቢለው፣ ወይም «12ቱን እዚህ አትስጠኝ፣ አዲስ አበባ ለእናቴ በእጇ አድርስልኝ» ቢለውና ይህንኑ በአንድ ወረቀት ላይ ቢጽፉት፣ የ1602ቱ ደንብ ራሱ ይደግፈው ነበር። ብዙዎቻችን ይህን በየዕለቱ እናደርጋለን፤ የማናደርገው መጻፉን ነው። ይሉኝታ ይይዘናል። ወዳጁን «ፈርምልኝ» ማለት እንዳላመነው ይመስለዋል።

በሸቀጥ ሽያጭ ላይ ግን አንድ መልካም ነገር አለ። የአሜሪካ የንግድ ሕግ ከጥንቱ ደንብ ትንሽ ራቅ ብሏል፤ የሽያጭ ውል ያለ ልዋጭ በስምምነት ሊሻሻል ይችላል። ከውል መጣስ የመጣ የይገባኛል ጥያቄም፣ ተበዳዩ በፈረመበት ጽሑፍ ከተስማማ፣ ያለ ልዋጭ ሊቀር ይችላል። ፊርማ የጎመን ዘሩን የሚተካበት ቦታ ይኸው ነው።

አሁን ቼኩ። ከሁሉ ይልቅ ጆሯችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት እህት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እንጀራ ትጋግራለች እንበል፤ ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች። የሦስት ወር ሒሳብ 4,200 ዶላር ብላ ኢንቮይስ ላከች። ባለ ምግብ ቤቱ «በሚያዝያ የመጣው ደርቆ ደንበኛ መለሰብኝ፣ ዋጋም ሳትነግሪኝ ጨምረሻል» ይላል። ስልክ ተደዋወሉ፣ አልተስማሙም። ከዚያ የ2,900 ዶላር ቼክ መጣ፤ ፊቱ ላይ በጉልህ «ለሦስቱ ወር ሒሳብ ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» ተጽፎበታል። እህታችን ብልህ ናት፤ ጽሑፉን በብዕር ሰረዘችው፣ ከኋላው «በተቃውሞ ተቀብያለሁ» ብላ ጻፈችና ባንክ አስገባችው። ቀሪውን 1,300 በኋላ እጠይቃለሁ ብላ ነው።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የተቀበሉት ሕግ፣ የንግድ ሕጉ ክፍል 3-311፣ ሒሳቡ ተዘግቷል ይላታል። ቼኩ በቅን ልቦና የተላከ ከሆነ፣ በመጠኑ ላይ እውነተኛ ክርክር ከነበረ፣ ሙሉ ክፍያ መሆኑ በጉልህ ከተጻፈና ገንዘቡን ካገኘች፣ የእሷ ሥረዛ ዋጋ የለውም። «መብቴን ጠብቄ» የሚለው ሐረግ ቀድሞ በአንዳንድ ስቴት ያድን ነበር፤ የኒው ዮርክ የበላይ ፍርድ ቤት በ1985 እንዲያ ፈርዶ ነበር። በ1990 ስቴቶቹ የሚቀዱት ሞዴል የንግድ ሕግ ሲሻሻል ግን ይህ ሐረግ ለእንዲህ ዓይነቱ ቼክ እንደማይሠራ ተጻፈ። ስለዚህ የሌላ ስቴት ዘመዳችሁ የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።

ያንን ቼክ ያየች ሰው ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ትቀበለዋለች፣ ወይ ሳታስገባ ትመልሰዋለች። ሦስተኛ መንገድ የለም። ቼኩን በእጅ ይዞ መመለስ ከባድ ነው፤ 2,900 ዶላር የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ግን ከማስገባታችሁ በፊት ከፋዩን ደውሉ። ብዙ ጊዜ 2,900 የጻፈ ሰው 3,400 ይጽፋል።

ከፋዮችም አላችሁ እዚህ ውስጥ። ይህ ለእናንተ መሣሪያ ነው፤ በቅንነት ከተጠቀማችሁበት መልካም መሣሪያ ነው። ክርክራችሁን ከቼኩ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ኢሜይልም ቴክስትም ይበቃል። የትኛው ዕቃ፣ የትኛው ቀን፣ ምን ጎደለ ብላችሁ ዘርዝሩ። ዝም ብሎ ቆይቶ ቼክ ላይ ብቻ «ሙሉ ክፍያ» መጻፍ ክርክር አይፈጥርም፤ ያ ወንድማችን 18,000ውን እንዳመነ ሁሉ፣ ዝም ያለ ሰውም ዕዳውን እንዳመነ ሊቆጠርበት ይችላል። ለክሬዲት ካርድ ኩባንያ እንዲህ ያለ ቼክ ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በየወሩ የሚመጣውን ወረቀት ጀርባውን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ በክርክር ላይ ያለ ክፍያ ወደ ሌላ አድራሻ ይላክ የሚል ቃል አለበት፤ ሕጉ ለድርጅቶች ይህን ይፈቅዳል። ተራው የክፍያ ሣጥን ውስጥ የገባው ቼክ ምንም አይዘጋላችሁም።

ዕዳ ሰብሳቢ ከጻፈላችሁ ደግሞ ከ1977 ጀምሮ ያለው የፌደራል ሕግ 30 ቀን ይሰጣችኋል። በነዚያ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ከተከራከራችሁ፣ ማረጋገጫ እስኪያቀርብ ማሳደዱን ማቆም አለበት። የቅናሽ ድርድር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

በየወሩ ለመክፈል የምትስማሙ፣ ይህን ያዙ። ስምምነት አንድ ነገር ነው፣ መፈጸሙ ሌላ ነው፤ እንግሊዝኛው አኮርድ ኤንድ ሳቲስፋክሽን ብሎ ሁለት ቃል የተጠቀመው ለዚህ ነው። የመጨረሻው ክፍያ እስኪገባ አሮጌው ዕዳ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። የአንድ ወር ክፍያ ሳይከፈል ካለፈ ባለገንዘቡ ወደ ሙሉው ዕዳ መመለስ ይችላል። ስለዚህ ቀን ቢያልፍ ምን እንደሚሆን በወረቀቱ ላይ ይግባ።

አበዳሪ ያልተከራከራችሁበትን ዕዳ ሲተውላችሁ፣ የተተወው 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ባንኩ 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ሊልክ ይችላል፤ የተማረላችሁ እንደ ገቢ ይታያል ማለት ነው። ከልብ የተከራከራችሁበት ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ ያልነበረ ዕዳ አልተማረም ብሎ መከራከር ይቻላል። ክርክሩን በጽሑፍ መያዝ እዚህም ዋጋ አለው። ወረቀቱን ለሒሳብ ሠራተኛችሁ አሳዩ።

አገር ቤት ንግድ ያላችሁ ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተቀናንሰው ያለውን ወይም ሊመጣ የሚችለውን ክርክር ሲጨርሱ፣ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ያለው ሕግ ይገዛቸዋል። በቁጥር 3312 መሠረት ያ ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። እርቅ ደም ያድርቅ የሚሉት ሽማግሌዎቻችን ያንን በፊርማ ቢያጸኑት የሚያክለው የለም። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርና የብድር መመለስ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነው። የአባቴ ደብተር ላይ የነበረው መስመር ያጸናው የአባቴ ቃል ነበር እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

ጊዜው ሄዷል። ጥያቄ ካለ…

አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ። «ልጄ፣ እኔ ምግብ አዘጋጅቼ ለሠርግ አቀርባለሁ። ከአንድ ደንበኛ ጋር በሒሳብ ተጨቃጨቅን። ቼክ መጣ፤ የልጅ ልጄ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አስገባው። እኔም እሱም የተጻፈውን አላየነውም። በኋላ ሒሳቤን ስፈትሽ ነው ያየሁት፤ ሙሉ ክፍያ ይላል። አለቀልኝ ማለት ነው?»

እማማ፣ ደብዳቤ ነበረው? ደንበኛው አስቀድሞ በስልክ «ቼኩ የመጨረሻ ነው» ብሎዎት ነበር?

«የለም። ቼኩ ብቻ ነው የመጣው።»

እንግዲያው ተስፋ አለዎት። አስቀድመው አውቀው ቢያስገቡት ኖሮ መመለሻ አልነበረም። ሳያውቁ ከሆነ ግን፣ ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን አንስቶ በ90 ቀን ውስጥ ያንኑ ያህል ገንዘብ ለደንበኛው መልሰው ካቀረቡ፣ ሒሳቡ እንዳልተዘጋ ይቆጠራል፤ ሙሉውን መጠየቅ ይችላሉ። መቼ ነው የገባው?

«ከፋሲካ በፊት መሰለኝ።»

መሰለኝ አይበቃም፣ እማማ። የልጅ ልጅዎ አብሮዎት መጥቷል? ና እስቲ፣ ስልክህን አውጣና የባንኩን መተግበሪያ ክፈተው፤ ቀኑን አብረን እንቁጠር።